አርባ ሰባት ጊዜ የሞቱት ጋሽ ሌስተርና ገዳያቸው

ይድረስ ለወንድሜ ለመኩሪያ፣ አዳማ።

ወንድምጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክልኝ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጣ የሚንቋቋውን የቀኙን ማለቴ ነው፤ ግራው ድሮም ጨዋ ነው። ስኳርህ ወረደልህ? ደብሪቱ በሻይህ ላይ የጣለችው ማዕቀብ እንደጸና ነው ወይስ ጎረቤት እየዞርክ ታፈርሰዋለህ? ልጆቹ ደህና ናቸው? አክስቴ ዘርፌ አሁንም ዜና አንባቢውን በስሙ እየጠራች ትመርቀዋለች? ውሃውስ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ወገቤ ከሹፌር ወንበር ጋር ከተጋባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ይጨቃጨቃሉ እንጂ አልተፋቱም። በደብዳቤ ደንብ «ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለኝም» ማለት ነበረብኝ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሰሞኑን ከደስታ ብዛት ለመናፈቅም ጊዜ አጥቻለሁ።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስመዘዘሽ እንዳትለኝ። ይህን ወሬ በስልክ ብጀምረው ግማሹ ላይ መስመሩ ይቆረጣል፤ የቀረውን ግማሽ ደግሞ አንተ «ውሸታም!» እያልክ ታቋርጠኛለህ። ወረቀት አይቋረጥም። ስለዚህ መነጽርህን አድርግ፣ ቁጭ በል፣ ደብሪቱንም ጥራት። ጓንቴ በሕይወት አሉ።

አዎ፣ ራሳቸው ጓንቴ! በግራ እጃቸው ጥቁር ጓንት አጥልቀው መንደር ሲያቃጥሉ፣ የሙት ልጅ መሬት ሲቀሙ፣ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ መርዝ ሲጨምሩ ሲኒማ ቤቱን ሙሉ በእርግማን ያስነሱት የነበሩት ክፉ ሰውዬ። አንተ ለፋሲካ የተገዛልህን ጫማ ሸራው ላይ ወርውረህባቸው በአንድ እግርህ እየነጠርክ ቤት የገባህባቸው፣ አባባም በተረፈችው ጫማ የገረፈህ። እኔ ያኔ ሕፃን ብሆንም የጫማዋን ድምፅ አልረሳውም።

እኚሁ ሰው አራት ዓመት ሙሉ ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ ቫኔ ውስጥ ከጎኔ ሲቀመጡ አላወቅኳቸውም። መቼም ሥራዬን ታውቃለህ፤ አዛውንቶችን ከየቤታቸው እየለቀምኩ ኩላሊት እጥበት ወደሚደረግበት ክሊኒክ ድራይቭ አደርጋለሁ። ለእኔ ጋሽ ሌስተር ማለት ቀበቶ ሲያስሩ የሚያማርሩ፣ ሬዲዮ የሚያስቀንሱ፣ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። ያወቋቸው ፌርፋክስ ላይ ፀጉር ቤት ያላቸው ጋሽ ደመቀ ናቸው። ነሐሴ ላይ አንድ ቀን በራቸው ፓርክ አድርጌ ስቆም፣ መላጫ በእጃቸው እንደያዙ ወጥተው በመስኮት አዩና «ጓንቴ!» ብለው ጮኹ። ወንበር ላይ የነበረው ደንበኛ ግማሽ ጺሙን ይዞ ተከትሏቸው ወጣ። ጋሽ ሌስተር እጃቸውን አነሱ፤ ግራውን ነው ያነሱት። ጋሽ ደመቀ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ታሪካቸውን በየጉዞው ስሰማ ከረምኩ፤ ትራፊክ ሲዘጋጋ ደስ ይለኝ ጀመር። እንግሊዝኛ ለሽማግሌም ለሕፃንም ያለው አንድ «ዩ» ብቻ ነው፤ እኔ ግን ስጽፍልህ በአንቱታ አቃንቼዋለሁ። ሶ፣ ታሪኩ እንዲህ ነው። ሲወለዱ ስማቸው ስታኒስላቭ ነበር፤ አባታቸው ኦሃዮ ውስጥ ሉካንዳ ነበራቸው። በሃያ ሦስት ዓመታቸው በአውቶቡስ ሆሊዉድ ገብተው ስቱዲዮ ውስጥ ሳጥን ተሸካሚ ሆኑ። አንድ ቀን ተመትቶ ከፈረስ የሚወድቀው ሰው ሰክሮ ቀረ። «አንተ ረጅሙ፣ መውደቅ ትችላለህ?» አሏቸው። ወደቁ። የወደቁት ግን በአባታቸው ቤት በሬ ሲወድቅ እንዳዩት ነው፤ መጀመሪያ ጉልበት፣ ቀጥሎ ትከሻ፣ በመጨረሻ ዓይን። ዳይሬክተሩ ኮፍያውን አውልቆ «ይህ ልጅ መሞት ያውቅበታል» አለ። በዚያች ቃል ሃያ ዓመት ኖሩባት።

ስቱዲዮው ወዲያው ክርስትና አነሳቸው። ስታኒስላቭ ለፖስተር ይረዝማል ተብሎ ሌስተር ቬን ተባሉ፤ ሁለት ጥርስ ተነቀለ፣ ቅንድባቸው በምላጭ ቀጠነ፣ ፈገግታቸውም በውል ተከለከለ። ዳይሬክተሩ ሳያዝ ከሳቁ ቅጣት ነበረው። አርባ ሰባት ጊዜ ሞተዋል፤ በጥይት፣ በቢላ፣ በገደል፣ በእሳት፣ አንዴም በአዞ። የአዞውን ነገር ሲያነሱ በአክብሮት ነው፤ «አብረውኝ ከሠሩት ሁሉ ሰዓት የሚያከብረው እሱ ነበር» ይላሉ። የፈረስና የሽጉጥ ፊልም ሲቀዘቅዝ ቴሌቪዥን ላይ ሞቱ። እሱም ሲቀር የራስ ምታት ክኒን ማስታወቂያ ሠሩ፤ ክኒኑን ለአንዲት አሮጊት በፈገግታ ሲያቀብሉ ያየ ሁሉ አሮጊቷ አበቃላት ብሎ ደነገጠ፣ ክኒኑም ተመልሶ መጋዘን ገባ። በዚሁ ጡረታ ወጡ። ሦስት ሚስት አግብተው ሦስቱም «ስትስቅ ታስፈራኛለህ» ብለው ሄደዋል። ይህን ያሉኝ ራሳቸው ናቸው፤ ሚስቶቹን አልጠየቅኩም።

የአንተን ጫማ ነገርኳቸው። «ቀኝ ነው ግራ?» አሉ። አላውቅም ስላቸው «አዲስ ነበር?» አሉ። አዲስ፣ ለዓመት በዓል የተገዛ፣ ያውም ቆዳ ስላቸው መስኮቱን ከፍተው ለመንገዱ ሁሉ ሰላምታ መስጠት ጀመሩ። ስለ እኔ ጋዜጣ ከጻፈው ሁሉ የወንድምሽን ጫማ የሚያህል ምስጋና አልተጻፈልኝም አሉኝ። እንግዲህ ኩራ፤ እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ጉራቸውን ስሰማ ከረምኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ባለፈው ሰኞ፣ መኪና የሚመድበው ዲስፓቸራችን አሮን ደወለልኝ። አሮን የእኛው ልጅ ነው፤ እዚሁ አድጎ አንቱ የምትባል ቃል ከነመኖሯም አያውቅ። «እታለም፣ ሶ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሰውዬ አድ አድርጌልሻለሁ፣ ሚድ ዊልሻየር ፒክ አፕ ታደርጊዋለሽ፣ ኦኬ?» አለኝ። ኦኬ አልኩ። ጋሽ ሌስተርን ከቤታቸው ከሚድ ሲቲ ጭኜ ወደዚያው ነዳሁ። አንድ ቁመታቸው ያልጎበጠ፣ አንገታቸው ላይ ሐር የጠመጠሙ፣ ጥርሳቸው እንደ አዲስ ሰሐን የሚያበራ የሰማንያ ስምንት ዓመት ሰው ብቅ አሉ። ወንድምጋሼ፣ አክተሩ! ጓንቴን በየፊልሙ መጨረሻ የሚገድሏቸው፣ እናንተ በፉጨት ጣሪያ የምታነሱላቸው አክተሩ! እዚህ ስማቸው ኬንት ሃርግሮቭ ነው፤ ለአንተና ለእኔ ግን አክተሩ ናቸው፣ አክተሩ ብዬ እቀጥላለሁ።

ደስታዬ ሁለት ደቂቃ አልቆየም። ጋሽ ሌስተር ዘወር ብለው አዩና ፊታቸው በርበሬ መሰለ። «እታለም፣ በሩን ክፈቺ። ወይ እሱ ይወርዳል ወይ እኔ» አሉ። አክተሩ ደግሞ በዚያ በሚያበራ ጥርሳቸው ፈገግ ብለው «ይቅርታ፣ እንተዋወቃለን?» ብለው ጠየቁ። ከዚህ በኋላ መላእክት ቢመጡም የሚሆን አልነበረም። ጋሽ ሌስተር ምርኩዛቸውን እየጎተቱ ዊልሻየር ላይ ወረዱ፤ አውቶቡስ መጠበቂያ ላይ ተቀምጠው «ሂጂ» አሉኝ። አክተሩን አድርሼ ስመለስ እዚያው ነበሩ። ክሊኒክ ልውሰድዎ ብል ሰዓቱ አልፏል፣ ቤቴ አድርሺኝ አሉ።

ነገሩ ቀልድ እንዳይመስልህ። ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመ ቆይቷል፤ ደማቸው በሳምንት ሦስት ጊዜ በማሽን ካልታጠበ ውሃው ሳንባቸው ላይ ይወጣል። የክሊኒኳ ነርስ በግልጽ ነገረችኝ፤ ከአርብ እስከ አርብ ከዘለሉ ከዚያ በኋላ ላለው ቃል አልገባም አለች። አሮንን ሌላ ቫን ፈልግ ስለው መኪና የለም፣ ፕሮግራሙን የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው፣ ሦስተኛ ጊዜ ከቀሩ ስማቸውን ራሱ ያወጣዋል አለኝ። በራሴ መኪና ልውሰድዎ ብዬ ለመንኳቸው። «ያ ወንበር የአራት ዓመት ወንበሬ ነው። ለእሱ አንድ ጊዜ ቦታዬን ለቅቄለታለሁ፤ ሁለተኛ አልለቅም» አሉ። ምን አደረጉብዎት ብል፣ «እሱን ጠይቂው» ብለው ቴሌቪዥናቸውን ከፈቱ። በተከፈተው ፊልም ውስጥ ራሳቸው ከገደል ይወድቁ ነበር፤ አላዩትም።

እኔ ምን ላድርግ? እኛ የምናውቀውን አደረግኩ፤ ሽማግሌ ሰበሰብኩ። ያን ዕለት አመሻሽ ላይ በእትዬ ኢትዮጵያ ምግብ ቤት፣ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ባለው ክብ ጠረጴዛ ጉባኤ ተቀመጠ። ጋሽ ደመቀ አሉ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ የነዱት፣ አሁን ቅመም ሱቅ ያላቸው ወሎዬው ጋሽ በሽርም አሉ። ሦስተኛ ሽማግሌ ማን ይሁን ሲባል ባለቤቷ እትዬ ኢትዮጵያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጋሽ ደመቀ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሽምግልና የወንድ ነው ብለው ጀመሩ። እትዬ ኢትዮጵያም «ቤቱ የእኔ፣ ጠረጴዛው የእኔ፣ የምትበላው የእኔ። ሽምግልናው ከየት ሊመጣልህ ነው?» አሏቸው። በአንድ ድምፅ ተመረጡ።

ሽምግልና የሚሄደው ወደ ተበዳይ ስለሆነ፣ መጀመሪያ በዳይና ተበዳይ መለየት አለበት። ጋሽ ደመቀ ይህ ጥያቄ መነሳቱ ራሱ ገረማቸው። «ጓንቴ ነዋ በዳዩ! ጉድጓድ ውስጥ መርዝ ሲጨምር በዓይኔ አይቻለሁ!» አሉ። ጋሽ በሽር «ደመቀ፣ እሱኮ ፊልም ነው» አሏቸው። «ፊልም መሆኑን አውቃለሁ፣ ሕፃን ነኝ እንዴ? ግን አንተ በሽር፣ አርባ ሰባት ጊዜ ሰው እንዲያው ዝም ብሎ ይገደላል?» አሉ። ጋሽ በሽር «ይህስ አይካድም» አሉ። እትዬ ኢትዮጵያ ድሮም ዓይኑ ደስ አይለኝም ነበር አሉ። እኔስ? እኔ ሰውዬውን አራት ዓመት የማውቃቸው፣ ቀበቶ የማስርላቸው፣ ራሴን ነቀነቅኩ። የአባባ አምላክ ይቅር ይበለኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አክተሩ ቤት ሄድን። ሦስቱ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጋሽ ደመቀ ከዘራ ይዘው፣ በር ላይ ተሰለፉ። አስታማሚዋ ሃይማኖት ልንሰብክ የመጣን መስሏት አለን፣ አለን፣ መጽሐፉ አለን ብላ ልትዘጋ ነበር። አክተሩ ግን አድናቂ መስለናቸው አስገቡን፤ ሳንጠይቃቸው ሦስት ፎቶ ፈርመው ሰጡን። ቁጭ በሉ ሲሉ ጋሽ ደመቀ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አሉ። ተረጎምኩ። አክተሩ የእኛ መቆም የክብር ስለመሰላቸው እሳቸውም ተነስተው ቆሙ፤ አስታማሚዋም ግራ ገብቷት ቆመች። ስድስት ሰው ምንጣፍ ላይ ቆመን፣ ጋሽ ደመቀ «ጌታዬ፣ ያ ሰው ኃጢአተኛ መሆኑን ከእርስዎ ይልቅ እኛ እናውቃለን፤ ግን አርጅቷል፣ ደሙም እየተበላሸ ነው፣ ስለ ፈጣሪ ብለው ይማሩት» ብለው አለቀሱ። አክተሩ ቀስ ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ብርሃኑ የሚያምረው እዚያ ነው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ይቅር ብዬዋለሁ» አሉ። ወንድምጋሼ፣ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም ነበር። ያኔ ተቀመጥን፤ አፕል ጭማቂ ተጠጣ።

ረቡዕ ጠዋት እንደ ሙሽራ ሚዜ ተሽቀዳድመን ጋሽ ሌስተር በር ላይ ደረስን። እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ ብሏል፤ ሲተነፍሱ ይሰማል። ጋሽ በሽር በታክሲ እንግሊዝኛቸው «ጋሼ፣ መልካም ዜና፣ ይቅር ብሎዎታል!» አሉ።

«ማን?» አሉ ጋሽ ሌስተር። «ማን፣ ማንን?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ልጻፍልህ? ምርኩዛቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙና ሃምሳ ሰባት ዓመት የታመቀውን አፈሰሱት። እናታቸው ልጇ ሲሞት ማየት ስለማትችል አንድም ፊልማቸውን አይታ አታውቅም። በፈረንጅ 1956፣ እኛ ባለጓንቱ በምንለው ፊልም ላይ ግን ጋሽ ሌስተር ከመሞታቸው በፊት የአራት ደቂቃ ንግግር ተሰጣቸው፤ ክፉው ሰው ተጸጽቶ፣ ይቅርታ ጠይቆ የሚሞትበት። በሕይወታቸው የመጀመሪያው ረጅም ንግግር ነበር። ለእናታቸው ጻፉላት፤ ይህን ነይና እይ፣ ልጅሽ ክፉ ሆኖ አይሞትም አሏት። እናትየው የደብሩን ሰው በሙሉ፣ ቄሱን ጭምር፣ ሁለት ረድፍ ወንበር ይዛ ገባች። ጊዜው ሲደርስ ተኩስ ተሰማ። ከዚያ አራት ደቂቃ ሙሉ የታየው የአክተሩ ፊት ነው፤ ሲያዝኑ፣ ነፋስ ፀጉራቸውን ሲያወዛውዘው። ከጋሽ ሌስተር የታየው አንድ የቦቲ ጫማ ሶል ነው። ድምፃቸውም የለም፤ ሙዚቃ ተደርጎበታል። እናትየው ከቄሱ አጠገብ ተቀምጣ የልጇን ጫማ አይታ ወጣች። ቀጥሎ ባለው ክረምት ሞተች። ንግግሩን ያስቆረጠው ማን እንደሆነ ስቱዲዮው ውስጥ ያላወቀ አልነበረም።

«አሁን እሱ እኔን ይቅር አለ?» አሉና በሩን ዘጉት። እትዬ ኢትዮጵያ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ጋሽ በሽር «ተበዳዩን በዳይ አድርገን፣ በዳዩን ደግሞ ይቅር ባይ አድርገን መጣን። ሽማግሌ ሳይሆን ወንበዴ ነን» አሉ። ሁለተኛው የእጥበት ቀን በዚህ አለፈ።

እኔ አክተሩን መጫን ነበረብኝ። ጭኜም ዝም አላልኩም። አፌን ታውቀዋለህ፤ ቀይ መብራት በበዛ ቁጥር ሲረዝም ነው የሚሄደው። የእናትየውን፣ የቄሱን፣ የቦቲውን ጫማ ሁሉ በመስታወት እያየኋቸው ነገርኳቸው። አላስታውስም አሉ፤ ስልሳ ፊልም ሠርቻለሁ አሉ። እሳቸው ባያስታውሱ ጋሽ ሌስተር ያስታውሱላቸዋል፣ አርብ ካልገቡ ግን የሚያስታውሰውም አይኖርም አልኳቸው። ማሽን ላይ አራት ሰዓት ቆይተው ሲመለሱ፣ ቤታቸው በር ላይ ሳይወርዱ እንዲህ አሉኝ፤ «አስታውሳለሁ። ሃምሳ ሰባት ዓመት አላስታውስም ስል ኖሬ ልረሳው ትንሽ ነበር የቀረኝ። እሱ ሲሞት ካሜራማኑ አለቀሰ። ያሸነፍኩት እኔ ነበርኩ፤ እኔን ግን ማንም አላየኝም። ፊልም ቆራጩን እራት ጋበዝኩት።» ይኸው ነው። ሰው ሁሉ በሚያውቀው ቅናት የተሠራ ነገር ነው፤ ዕቃው ብቻ የሆሊዉድ ነው።

ሐሙስ ለሽማግሌዎቹ ሽማግሌ ስለጠፋ፣ እትዬ ኢትዮጵያ ራሳቸው ፈረዱ። የበደልነው እኛ ነን፣ ድንጋይ ተሸክመን ይቅርታ እንጠይቅ አሉ። ድንጋይ ከየት ይምጣ? ሎስ አንጀለስ ውስጥ ድንጋይ ሁሉ ባለቤት አለው። ፒኮ ላይ ካለ ባንክ በር ጋሽ በሽር አንዱን ሊያነሱ ሲሉ ጥበቃው ምን ልርዳዎ አላቸው፤ እጅግ ያምራል ብለው መለሱት። በመጨረሻ የአትክልት ዕቃ ሱቅ ገብተን ለጓሮ ጌጥ የሚሆን ክብ ድንጋይ ገዛን። የዋጋ ወረቀቱ እንደተለጠፈበት ጋሽ ደመቀ፣ የሰባ አራት ዓመቱ ሰው፣ አንገታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ብለው ጋሽ ሌስተር በር ላይ ቆሙ።

ጋሽ ሌስተር ከፈቱ። አዩአቸው። ከላይ እስከ ታች ደግመው አዩአቸው። እኔ አሁን ያለቅሳሉ ስል፣ እሳቸው «የግራ ትከሻውን ዝቅ ያድርግ፤ ክብደቱ አይታይም» አሉኝ። ተረጎምኩ። ጋሽ ደመቀ ዝቅ አደረጉ። «ጉልበቱ ቀድሞ ይታጠፍ፣ ከዚያ ፊቱ። አዎ፣ እንደሱ። አሁን አመንኩት» አሉ። ጋሽ ደመቀ ድንጋዩ ስር ሆነው፣ እኔ እውነተኛ ንስሐ ላይ ነኝ ይህ ሰውዬ ልምምድ ያሠራኛል ብለው በአማርኛ አጉረመረሙ። እትዬ ኢትዮጵያ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥለን ሁላችን ሳቅን፤ ጋሽ ሌስተርም ያለ ዳይሬክተር ፈቃድ ሳቁ። እውነት ነው፣ ያስፈራል። ሦስቱን ይቅር አሉ። ለእሱ ግን አንድ ነገር አለኝ፤ ነገ መኪናው ውስጥ ያደረገውን ራሱ ይንገረኝ፣ ከዋሸ እወርዳለሁ አሉ።

አርብ ጠዋት ተራውን ገልብጬ አክተሩን አስቀድሜ ጫንኩ። ሽማግሌዎቹም ለምስክርነት ከኋላ ገቡ፤ ስማቸው ኮምፒውተሩ ላይ ስለሌለ አሮን ቢያውቅ ከሥራ ያስወጣኛል፣ አንተም አልሰማህም። አክተሩ ከፊት አልተቀመጡም፤ የጋሽ ሌስተርን ወንበር ባዶ ትተው ከኋላው ተቀመጡ። ጋሽ ሌስተር ሲወጡ ትንፋሻቸው አጥሯል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ጫማ ስለማይገባ በነጠላ ጫማ ናቸው። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ አሁን ቢወርዱ ሦስተኛው ቀን ነው፣ አለቀ።

አክተሩ ሐራቸውን ከአንገታቸው ፈቱ። «እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት» አሉ። «እናትህ መኖሯን አላወቅኩም፤ ባውቅም ያኔ አስቆርጠው ነበር። አንተ ከእኔ ትበልጥ ነበር።» ፌርፋክስ ላይ አንድ ሰው ክላክስ ያደርግብኛል፤ ያድርግ። ከዚያ አክተሩ «አራት ደቂቃ ነበር አይደል? ክሊኒኩ ሃያ ደቂቃ ነው። የፈለግከውን ያህል ውሰድ። እኔን ማንም አያየኝም» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ጋሽ ሌስተር ቀበቷቸውን አሰሩ። ሳያማርሩ! ወደ እኛም ዞሩ። ወንድምጋሼ፣ ሃምሳ ሰባት ዓመት አንዲት ቃል አልረሱም። ያ ትንፋሽ ያጠረው ደረታቸው ራሱ ለንግግሩ የተሠራ መሰለ። ስላቃጠሉት መንደር፣ ስለ ጉድጓዱ ተናገሩ፤ ጋሽ ደመቀ ጉድጓዱ ሲነሳ ጋቢያቸው ውስጥ ገቡ። መጨረሻው እንዲህ ነው፤ «ለእናቴ እንዴት እንደሞትኩ አትንገራት። ወደ ቤት እየመጣ ነበር በላት። በሩን አትቆልፊው ብሎሻል በላት።» ከዚያ እንደ ልማዳቸው፤ ጉልበታቸው፣ ትከሻቸው፣ ዓይናቸው። አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወደቀ።

ያኔ ከኋላ የተሰባበረ ድምፅ መጣ፤ «እነግራታለሁ» አለ። አክተሩ ናቸው። በዚያ ትዕይንት ውስጥ የነበራቸው ቃል እሱ አንድ ብቻ ነው፤ ከንግግሩ ጋር የራሳቸውንም አስቆርጠውት ኖሯል።

ጋሽ ሌስተር ግን አልተነሱም። እኔ ዳር ይዤ ቆምኩ። እትዬ ኢትዮጵያ «ሰውዬው ሞተ!» ብለው ደረታቸውን ሊመቱ እጃቸውን አነሱ። ጋሽ በሽር አላህን ጠሩ፤ ጋሽ ደመቀ ማርያምን። እጄ ስልኩ ላይ ሲሄድ፣ ጋሽ ሌስተር አንድ ዓይናቸውን ብቻ ከፈቱ። «ሁለት ሰከንድ ዘገየህ» አሉ፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ። «ያኔም ትዘገይ ነበር።» አክተሩ እያለቀሱ ይስቁ ነበር፤ ጥርሳቸው ከቦታው ተንቀሳቅሶ በእጃቸው ያዙት። እኔ እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም፤ ብቻ ክሊኒኩ ደረስን፤ ነርሷ ጋሽ ሌስተርን ገና ስታይ በተሽከርካሪ ወንበር እየሮጠች ወሰደቻቸው፣ አክተሩም የጋሽ ሌስተርን ምርኩዝ ይዘው ከኋላ ተከተሉ። ጎን ለጎን ሁለት ማሽን ላይ ዋሉ። ማታ የጋሽ ሌስተር እግር ጫማ ገባው።

እርቅ ያለ ማዕድ አይጸናምና ትናንት ቅዳሜ እትዬ ኢትዮጵያ ጋበዙ። ክሊኒኩ የከለከለው ወረቀት ሁለት ገጽ ነው፤ ጨው የለም፣ ምስር የለም፣ ቲማቲም የለም፣ በርበሬውን ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ፈርተው ተዉት። ያለ ጨው የጥቅል ጎመን አልጫ ሠርተው ሲያቀርቡ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ይህን እኔ መሥራቴን ፌርፋክስ እንዳይሰማ ብለው አስማሉን። ጋሽ ሌስተር ገዳያቸውን አጎረሷቸው። አክተሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ጓንት ያደርጉበት የነበረው እጅ መሆኑን አይተው አንዴ ቆም አሉ፤ ከዚያ ዋጡ።

በዚህ መሃል አሮን ደወለ። «እታለም፣ ጉድ ኒውስ! ሁለተኛ ቫን አገኘሁ። ከሰኞ ጀምሮ ሰውዬሽን ለብቻው ትወስጂዋለሽ፣ ፕሮብሌሙ ሶልቭ ሆነ፣ ኦኬ?» አለ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ለጠረጴዛው ተረጎምኩ። ጋሽ ሌስተር አፋቸውን ጠረጉ። «ለልጁ ንገሪው፤ እኔ የምሄደው ከገዳዬ ጋር ነው» አሉ። አክተሩም «ከፊት፣ በመስኮቱ በኩል ግን እኔ ነኝ» አሉ። «ያ ወንበር የአራት ዓመት ወንበሬ ነው!» «ሰኞና ረቡዕ ያንተ፣ አርብ የእኔ!» ተባባሉ። ጋሽ ደመቀ ከዘራቸውን አነሱና «ይህ ጉዳይ ሽማግሌ ይፈልጋል» ብለው ወንበራቸውን አስጠጉ። አሮን እስካሁን መስመሩ ላይ ሳይኖር አይቀርም።

ለደብሪቱ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ማዕቀቡን እንዳትላላ በእኔ ስም በርቺ በላት። ከልጆቹ ልዩን ግንባሯን ሳምልኝ፤ ማቲያስ ሂሳቡን እንዳይፈራ፣ ሮሐም ፀጉሯን እንዳትቆረጥ። አክስቴ ዘርፌን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ለዜና አንባቢው የምትመርቀውን ግማሹን ለእኔ ሹፌር ለሆንኩት ታካፍለኝ። ለጎረቤቶቻችሁ በሙሉ፣ ሻይ ደብቀው ለሚያጠጡህም ጭምር፣ ሰላም በልልኝ።

የምትወድህ እህትህ እታለም
ሎስ አንጀለስ፣ ሚድ ሲቲ
እሑድ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2006 ዓ.ም.